ጊታሩ እንግዳ፣ ክራሩ የግድግዳ

ባለፈው ጥር፣ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ዘልቆ በሚገባበት ሰሞን፣ በከተማችን ከሚሰናዱት ትንንሽ የግጥም ምሽቶች በአንዱ ተገኝቼ ነበር። ታዳሚው ከአርባ አይበልጥም። ግማሹ ጋቢውን ተከናንቧል፤ ግማሹ እጁን ከኪሱ ማውጣት ስለሰሰተ ገጣሚ ባነበበ ቁጥር በራሱ ንቅናቄ ብቻ ያመሰግናል። ተራው የአንድ ወጣት ሆነ። ከጨርቅ ከረጢት አሮጌ ጊታር አወጣ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ መቃኘት ጀመረ። ሦስተኛውን አውታር ገና ሳይጨርስ የምሽቱ ሰብሳቢ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ልጄ፣ ይህ የኛ ቤት ነው» አሉ። «የፈረንጅ ዕቃ አይገባበትም። ግጥምህን እንዲሁ አንብብልን፤ በዜማ ካልሆነ ካልህ ደግሞ ክራር ይዘህ ና።»

አዳራሹ አጨበጨበ። እጆች ሁሉ ከየኪሳቸው ወጡ። ልጁ «እሺ ጋሼ» ብሎ ጊታሩን ወደ ከረጢቱ መለሰ፤ ግጥሙንም ሳያነብ ወጣ። ከሰብሳቢው ራስ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጥለት የተጠመጠመበት ክራር ተሰቅሎ ነበር። ያን ክራር አውርዶ «እንካ፣ በዚህ ሞክር» ያለው ሰው አልነበረም።

እኔ አላጨበጨብሁም፤ ነገር ግን ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። ቤቴ ውስጥ ጊታር ያለኝ ሰው ነኝ፤ ልጁ በአጠገቤ ሲያልፍ ዓይኑን ላለማየት ጫማዬን አየሁ። ዝምታዬ ሲያሳፍረኝ ሰንብቶ ነው ብዕር ያነሣሁት። ስለዚህ ጽሑፉ በሰብሳቢው ላይ ብቻ የተሰነዘረ አይደለም፤ ከዱላው ለእኔም ይደርሰኛል።

«የፈረንጅ ዕቃ» የሚለውን ቃል እስኪ እንፈትሸው። ለመፈተሽም ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ከደብረ ብርሃን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አንኮበር መውጣት ይበቃናል። የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ካመጣው ገጸ በረከት መካከል ጠመንጃ ይገኝበት ነበር። ንጉሡ «ይህ የፈረንጅ ዕቃ ነው፤ ጦርና ጋሻ ይዘህ ና» ብለው አልመለሱትም። ተቀበሉት እንጂ። ልጃቸው፣ የልጅ ልጃቸውም ተቀበሉት። ከዚያ ወዲህ በመንዝና በተጉለት፣ በቡልጋና በይፋት ሽለላና ቀረርቶ ውስጥ የጠመንጃ ስም የማይነሣበት ጊዜ አለን? ስሞቹንም ልብ በሉ። ውጅግራ የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» ነው። ምንሽር የኦስትሪያው «ማንሊኸር» ነው። በልጅግ የየት አገር ልጅ እንደሆነች ስሟ ራሱ ይናገራል። እነዚህን ስሞች በሠርግም በለቅሶም ስንሰማ ደረታችን ይነፋል፤ «ይህ የኛ ነው» እንላለን። እውነታችንን ነው፤ የኛ ሆነዋል። በዓድዋም በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመንም ታጥቀናቸዋል፤ ዘፍነንላቸዋል። እንግዲህ ሰው የሚገድለው ብረት በአንድ ትውልድ ዜግነት ካገኘ፣ ሰው የሚያጽናናው እንጨት ስድሳ ዓመት ከኛ ጋር ኖሮ መታወቂያ የሚከለከልበት ሕግ የየትኛው አገር ሕግ ነው?

(በቅንፍ ላንሣው፦ ከተማችን ራሷ ስሟን ያገኘችው ከእንግዳ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሰማይ ላይ የታያቸውን ያልተለመደ ብርሃን «የማን ነው?» ብለው ቢያባርሩት ኖሮ ዛሬ ደብረ ምን እንባል ነበር?)

ወደ ስም ከገባን ዘንድ የጊታርንም ስም እንመርምር። «ጊታር» በስፓኝና በዐረብ አፍ ዞሮ የመጣ ቃል ሲሆን ሥሩ የግሪኩ «ኪታራ» ነው። ኪታራ ምን ዓይነት መሣሪያ ነበር? አንገት ያለው፣ እንደ ዛሬው ጊታር ብብት ሥር የሚገባ እንዳይመስላችሁ። ሁለት ክንድ፣ በክንዶቹ ላይ የተጋደመ ቀንበር፣ ከቀንበሩ ወደ ገበቴው የወረዱ አውታሮች ያሉት መሣሪያ ነው። ማለትም የክራርና የበገና ወገን! የጥንት ግሪኮችን የሸክላ ሥዕል ያየ ሰው ኪታራ የያዘውን ዘማሪ ከቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ በገና ከያዘው ከቅዱስ ዳዊት ጋር ቢያዛምደው አይፈረድበትም። ይህ ኪታራ የሚለው ስም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥም ገብቷል። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ናቡከደነፆር ለጣዖቱ ያስመታው የዜማ መሣሪያ ሲዘረዘር፣ በአራማይኩ ጽሑፍ ከመሣሪያዎቹ የአንዱ ስም ከዚሁ ከግሪኩ ኪታራ የተወሰደ ነው። መሣሪያው ተለወጠ፤ አንገት አወጣ፤ ስሙ ግን የክራር ዘመድ ሆኖ ቀረ። ሰብሳቢያችን ከመድረክ ያባረሩት በስም የክራርን የሥጋ ዘመድ ነው ማለት ነው።

ይህን ክርክር ስም ላይ ብቻ እንዳልመሠረተው እፈልጋለሁ፤ ስም አሳሳች ነውና። ዋናው ነገር እጅ ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን አመጡ፤ ኬቮርክ ናልባንዲያን አሠለጠኗቸው። ነፋሱን ወደ ናሱ የነፋው አርመን ነበር። ከጥቂት አሠርት ዓመታት በኋላ ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎኑን አንሥቶ ሽለላ ነፋበት። ሽለላን! የጦር ሜዳውን፣ የአባቶቻችንን የልብ ትርታ፣ አዶልፍ ሳክስ በተባለ ቤልጅጋዊ በተፈለሰፈ ቱቦ። እስከ ዛሬ ያን ቀረጻ ሰምቶ ፀጉሩ የማይቆምበት ሰው አላጋጠመኝም፤ ሰብሳቢያችንም ፀጉራቸው እንደሚቆም እገምታለሁ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም ሲያርፉ የሐዘኑ መግለጫ ሁሉ ስለ ፒያኖአቸው አወራ። መነኩሲት ናቸው፤ ፒያኖ ደግሞ ከጊታር ይልቅ ፈረንጅ ነው፤ ለመግዛትም ለመሸከምም ይከብዳል። «እማሆይ፣ በበገና ካልሆነ» ያላቸው አለን? ጊታሩንም ቢሆን በአይቤክስና በሮሃ ባንድ የሚታወቀው ሰላም ሥዩም በእጁ አስገብቶ አሳይቶናል። ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ጋር የተቀረጸው «ኧረ መላ መላ» ከወጣ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ሆኖታል። ያን ዘፈን «የፈረንጅ» ብሎ ከሠርጉ ያስወጣ ሙሽራ ካለ ይነገረኝና እኔም ጊታሬን እሸጣለሁ።

አሁን ደግሞ ለተቃዋሚዎቼ የሚገባቸውን ልስጥ፤ ከነሱ ወገን አንድ እውነተኛ ክርክር አለና። የጊታር አንገት ላይ በየርቀቱ የተተከሉ የብረት ዘንጎች አሉ፤ ተጫዋቾች «ፍሬት» ይሏቸዋል። እነዚህ ዘንጎች ድምፁን በዐሥራ ሁለት እኩል ደረጃ ከፋፍለው ያስሩታል። በሁለት ደረጃዎች መካከል የሚውል ድምፅ ቤት የለውም። መሰንቆ እንዲህ አይደለም። መሰንቆ አንድ የፀጉር አውታር ብቻ ስላለው ጣት በፈለገበት ይቆማል፤ እንደ ሰው ጉሮሮ ይንሸራተታል፤ ሊያለቅስ ሲል ያለቅሳል። ክራርም ቢሆን በጆሮ ነው የሚቃኘው፤ የቃኚው ጆሮ የሚፈርደውን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ስለዚህ «ፍሬት ቅኝታችንን ያጠበዋል» የሚል ሰው ሲመጣ ወንበር እለቅለታለሁ። በተለይ አንቺ ሆዬን በጊታር የሞከረ ሰው ያውቀዋል፤ ጣቱ ቦታው ላይ ነው፤ ጆሮው ግን «አልደረስህም» ይለዋል።

ታዲያ ምን ይደረጋል? እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ጊታሬን የገዛሁት በ2006 ዓ.ም. ከተማችንን ለቆ ይሄድ ከነበረ አንድ መምህር ነው። ዋጋው ሁለት ሺህ ብር፣ በሦስት ደመወዝ የተከፈለ። የፋብሪካ ስሙ ተፍቋል፤ የአውታሮቹ መቀመጫ ከጫፉ ተሰብሮ ነበርና አንድ ጎረቤቴ ከበሬ አጥንት ሞርዶ ሠራልኝ። የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍሁት የሌላ አገር ዘፈን ለመቅዳት ስሞክር ነው። ጣቴ ደማ፤ ዘፈኑ ግን ዘፈን አልሆነም። አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ፣ ቀኑን ሙሉ ብር የቆጠረው እጄ ደክሞ፣ አውታሮቹን ሳልነካ እንዲያው እንዳሉ ስመታቸው ቆየሁና አንድ ነገር ታየኝ። ክራር ላይ እያንዳንዱ አውታር አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ግራ እጅ አውታር አይረግጥም፤ የማይፈለገውን አውታር ዝም ያሰኛል እንጂ። ቀኝ እጅ ሁሉንም ይገርፋል፤ ግራ እጅ ይመርጣል። ምን ዓይነት ጥበብ ነው! የዜማው ምሥጢር በሚጮኸው ሳይሆን ዝም በሚለው ላይ ነው። እኔም ጊታሬን ፈታሁና አውታሮቹን በትዝታ ቃኘኋቸው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ስድስተኛውን የታችኛው ዶ አደረግሁት። ፍሬቱን ተውሁት። ግራ እጄን እንደ ክራር መቺ ከአውታሮቹ ላይ አስደግፌ ዝም ማሰኘት ጀመርሁ። ለአንቺ ሆዬ ደግሞ አውታሩን በጣት ገፋ እያደረጉ፣ ዘንጉ የከለከለውን ሽርፍራፊ ድምፅ መለመን ይቻላል። እንደ መሰንቆ አይሆንም። አይሁን። ጊታርን መሰንቆ ነው አላልሁም።

ለዚህ ነገር አንድ የአገሬ ዳኛ አለኝ፤ ብርዱ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ የተኛች ከተማ ናት። ማታ የተቃኘ ጊታር ሌሊት ብረቱ ሲኮማተር ድምፁ ሽቅብ ይወጣል፤ ጠዋት እንደገና ይፈታል። አውታር ከተበጠሰም እዚህ ዕለቱን ላይገኝ ይችላል፤ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ የአዲስ አበባ ወዳጅ ይለመናል፤ በሚኒባስ ሹፌር እጅ በፖስታ ታሽጎ ይመጣል። ይህን የምዘረዝረው ለማማረር አይደለም። አንድ መሣሪያ የሰው የሚሆነው በዚህ በዚህ መሆኑን ለማሳየት ነው፤ በመቃኘት፣ በመጠገን፣ በመለመን፣ በጣት ጫፍ መደንደን። የክራሩስ የጣት ጫፍ የታለ?

እነሆ ወደ ሥሩ ደረስን። ክራርን ከመድረክ ያወረደው ጊታር ነውን? እኔ የማስታውሰው ሌላ ነው። በልጅነቴ በሰፈራችን ክራር የሰይጣን ናት ይባል ነበር። ከጣሳ ገበቴ፣ ከናይሎን አውታር ክራር የሠራ ልጅ አባቱ ቢያየው ክራሩም ልጁም አንድ ላይ ይመቱ ነበር። «አዝማሪ ልትሆን ነው?» የሚለው ቃል «ሌባ ልትሆን ነው?» ከሚለው እኩል ያስደነግጥ ነበር። ካሳ ተሰማ፣ ሜሪ አርምዴ፣ አስናቀች ወርቁ ክራር ታቅፈው የዘፈኑት ይህን ንቀት ተሸክመው ነው። ዛሬ እነሱ ካለፉ በኋላ ስማቸውን እየጠራን፣ ክራር የማይነካ እጃችንን ደረታችን ላይ አድርገን፣ «ቅርሳችን» እንላለን። ክራሩን ከጭን ላይ ያነሣነው እኛ ነን። አንሥተን የሰቀልነውም እኛው። ጊታር ሲመጣ ጭኑ ባዶ ነበር።

የተሰቀለ ነገር ደግሞ ማንንም አያስፈራም። ግራዚያኒ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ ከተወረወረበት በኋላ እንዲገደሉ ካዘዘባቸው መካከል አዝማሪዎች ነበሩ። መድፍና አውሮፕላን የያዘ ሰው ባለ አንድ አውታር መሰንቆን ፈራ። የፈራውም ስለሚመታ ነው፤ ከመንደር መንደር እየዞረ ወሬ ስለሚያደርስ ነው። ግድግዳ ላይ ያለ መሰንቆ ቢያገኝ ኖሮ ለመታሰቢያ ወደ ሮም ይዞት በሄደ ነበር።

አንድ ጊዜ አዲስ አበባ፣ ከአንድ የባህል ዕቃ መደብር ገብቼ ክራር ጠየቅሁ። ሻጩ ትሑት ሰው ነው። «የሚሰቀል ነው፣ የሚመታ?» አለኝ። ጥያቄውን ሳልረዳው ዝም ስል፣ «የሚሰቀለው ይኸው ሞልቷል፤ የሚመታውን ግን ማዘዝ ይኖርብሃል» ብሎ አስረዳኝ። ሻጩን አልወቅሰውም፤ እሱ ገበያው የጠየቀውን ነው የሚያቀርበው። በሙያዬ ቋንቋ ልናገር ቢፈቀድልኝ፣ ክራሩን ከሥራ መሣሪያነት አውጥተን ከጠረጴዛና ከመጋረጃ ጋር በቋሚ ንብረት መዝግበነዋል፤ በየዓመቱም የእርጅና ቅናሽ እየሠራንለት ነው። መዝገቡ ላይ ዜሮ ሲገባ ንብረቱ አሁንም ግድግዳው ላይ አለ።

«ይልቅ ወጣቱ ስለ በገና ቢያውቅ» የሚሉኝም አሉ። መልካም፤ ስለ በገና እናውራ፤ በገና ከኔ ወገን ነውና። በገና በዋናነት የኪራይ መሣሪያ ሆኖ አያውቅም። አዝማሪ በመጠጥ ቤት አይመታውም። በመኳንንቱ፣ በካህናቱና በምእመናኑ ቤት፣ ይልቁንም በዐቢይ ጾም፣ ሰው ለራሱና ለአምላኩ የሚደረድረው ነበር። እቴጌ ጣይቱ በገና ይደረድሩ ነበር፤ ለማን ሊያሳዩ? ገንዘብ ሊያገኙበት? ይህ ነው የቤት ሙዚቀኛ ማለት፤ ዛሬ አማተር የምንለው። ደመወዙ ሌላ፣ ፍቅሩ ሌላ የሆነ ሰው። ይህ የቤት ልማድ ሲቋረጥ ምን እንደሚከተል ደርግ አሳይቶናል። ዓለሙ አጋን የመሰሉ መምህር ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1980 ፒያሳ ሱቅ ከፈቱ። በገና እንደገና ሲያንሠራራ ያነሣው ግን ሙዚየም አልነበረም። ከሥራ በኋላ፣ ማታ ማታ፣ በሰንበት ትምህርት ቤትና በየግል ማሠልጠኛው የተሰበሰቡ የሒሳብ ሠራተኞች፣ ተማሪዎች፣ ነርሶች ናቸው ያነሡት። ጣታቸው ነው ያነሣው።

ለመሆኑ የበገና ዐሥር አውታር ከምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? ከበግ አንጀት። ታጥቦ፣ ተገፎ፣ ተወጥሮ፣ ተገምዶ፣ ደርቆ። እዚህ ላይ የሰሜን ሸዋ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እኔ ይመልስ። እኛ የበግ አገር ነን! የመንዝ በግ ስሙ አገር ያወቀው ነው፤ ከተማችን የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለባት ናት። በፋሲካ ማግስት ከዚህ ከተማ ስንት በግ እንደሚታረድ የሚቆጥረው የለም። ጉበቱና ጨጓራው ለዱለት ይሄዳል፤ ቆዳው ለሚሰበስበው ይሸጣል፤ አንጀቱስ? ለውሻ። በአንድ ማለዳ ብቻ ስንት በገና ሊያናግር የሚችል አውታር ለውሻ ጥለን፣ ከሰዓት በኋላ ጠላችንን ይዘን «ባህላችን ጠፋ» ብለን እናለቅሳለን። ጠፍቶ የት ሄደ? ጓሮ ተመልከቱ። አውታር መግመድ የሚያውቅ እጅ በየመንደሩ አንድ ቢኖር፣ ከየበገናው በርኩማ ላይ ያ እንዝራ የሚባለው ቁራጭ ቆዳ የሚያሰማው ዝዝታ ከዚሁ ከደጋው ቢነሣ፣ ያን ጊዜ የጊታሩ ልጅ ራሱ ጆሮውን ዘንበል ያደርግ ነበር። ለምን ቢሉ፣ አውታር የሚወድ ጆሮ አንድ ጆሮ ነው። ጊታር የያዘ ልጅ ክራር ከማይነካ አርበኛ ይልቅ ለክራር ይቀርባል፤ መቃኘት ምን እንደሆነ ያውቃልና።

ለጊታር አፍቃሪዎችም አንድ ቃል አለኝ፤ እናንተን ባልነካ ፍርዴ ይዛባል። ከናንተ መካከል ስለ ፌንደርና ስለ ጊብሰን ሲከራከር የሚያድር፣ ከውጭ ዘመድ በሻንጣ የመጣለትን ያማሃ ጥግ አቁሞ አቧራ የሚያጠባ፣ ፎቶግራፍ ሊነሣበት ብቻ የሚያቅፈው አለ። ያም ግድግዳ ነው። ልዩነቱ የሱ ግድግዳ ከውጭ መምጣቱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ግጥም ልመለስ፤ ያ ምሽት የግጥም ምሽት ነበርና። ግጥምን ከአውታር ጋር ማጣመር ትናንት የመጣ ፋሽን አይደለም፤ የአዝማሪው ሥራ ሁሉ እሱ ነው። በቅርቡም አዲስ አበባ ላይ በራስ ሆቴል «ጦቢያ ግጥም በጃዝ» ሲጀመር «ግጥምና ጃዝ ምን አገናኛቸው?» ያሉ ብዙ ነበሩ። መልሱን የሰጠው አዳራሹ ነው፤ በየወሩ እየሞላ። እዚያ ባስ ጊታሩና ሳክስፎኑ ለአማርኛ ስንኝ ቦታ ሲለቁ ሰምቻለሁ። መልካሙም ነበረበት፣ መጥፎውም ነበረበት። መጥፎው መጥፎ የሆነው ግን በመሣሪያው ምክንያት አልነበረም፤ ግጥሙ ደካማ ሲሆን ሳክስፎኑ ከሥሩ ሊደግፈው አይችልም፤ መሰንቆም ቢሆን አይደግፈውም። እኛ ደግሞ የልጁን ግጥም ደካማ ይሁን ብርቱ አናውቅም። አልሰማነውማ! አንድ የሥነ ጽሑፍ ጉባኤ ከሠራው ጥፋት ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል፤ ዕቃውን መርምሮ ግጥሙን ሳይሰማ መሸኘቱ። ጉምሩክ እንኳ ዕቃ ሲይዝ ተሳፋሪውን ይለቃል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰብሳቢያችንን ቢሯቸው ሄጄ አነጋገርኋቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ሻይ አስመጡልኝ። ይህን የጻፍሁትን አብዛኛውን ነገርኋቸው፤ የጠመንጃውን ጉዳይ ሰምተው ሳቁ፤ የበጉን አንጀት ሲሰሙ አልሳቁም። በመጨረሻም፣ «እኔ እኮ የምፈራው ይሄ እንዳይጠፋ ነው» አሉኝ። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነበር፤ ዓይናቸው ውስጥ አየሁት። እኔም፣ «እንግዲያውስ ጋሼ፣ የአዳራሹን ክራር እናውርደውና አውታር እንቀይርለት፤ ልጁ በሚቀጥለው ምሽት አንዱን ግጥም በክራሩ፣ አንዱን በጊታሩ ያንብብ» አልኋቸው። ደስ አላቸው። ወዲያው ቁልፍ አንሥተው ተነሡ።

ስድስት የናይሎን አውታር በኪሴ ይዤ ነበር። አዳራሹ ገብተን ወንበር ላይ ወጥቼ ክራሩን ከምስማሩ አላቀቅሁት። ከጀርባው የሸረሪት ድር ተከትሎት መጣ። ጠረጴዛ ላይ አኑረን ጥለቱን ፈታንና የመጀመሪያውን መቃኛ ለማዞር ያዝሁት። አልዞረም። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ሁሉም በሙጫ የተጣበቁ ናቸው። ገበቴውን በጣቴ አንኳኳሁት፤ ድፍን እንጨት ነው፤ ቆዳው ከላይ ተለጥፎበታል እንጂ ውስጡ አልተፈለፈለም። አውታሮቹ ቀለም የተቀባ የስፌት ክር ነበሩ።

ሰብሳቢው ክራሩን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። እሳቸውም አንኳኩ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ከጠረጴዛው መሳቢያ የሚቀጥለውን ምሽት የአንባቢዎች ዝርዝር አወጡና ከታች የልጁን ስም ጻፉ። ከስሙ ፊት ለፊት፣ «የዜማ መሣሪያ» በሚለው ዐምድ ውስጥ፣ እስክሪብቶአቸውን አሳርፈው ትንሽ አሰቡና ባዶውን ተዉት።